ለሦስት የተካፈለው ባንድ

"አይ የሱ ነገር! በወንድሙ ለቅሶ ላይም ያካፍላል" አለች አንዲት ወይዘሮ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

እኩሌ ሰማ። የዳቦ ትሪ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ እየዞረ ነበር። ዳቦውን የቆረጠው ራሱ ነው፤ አንዱ ቁራሽ ካንዱ አይበልጥም፣ አያንስም። ሌላ ሰው ቢሆን ትሪውን አስቀምጦ ውልቅ ይል ነበር። እሱ ግን ለወይዘሮዋም ድርሻዋን አንስቶ ሰጣት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፣ አልፎ ሄደ። ምን ያድርግ? ውሸት አልተናገረችበት።

እኩሌ ያሉት እናቱ ናቸው። ልጅ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር ሲገኝ አካፋዩ እሱ ነበር። ቢላዋውን ይይዝና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ ታላቅ ወንድሙን "ምረጥ" ይለዋል። ታላቁ ከወዲያ ከወዲህ አይቶ ልዩነት ሲያጣበት ይስቃል። ስሙ እዚያው ተለጥፎበት ቀረ። ንብረት ክፍል ተቀጥሮ፣ ኃላፊ ሆኖ፣ ጡረታ ወጥቶ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ የሚጠራው በዚያው ስም ነው።

የሞቱት ያ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ከተማው ሁሉ "አለቃ" ነበር የሚላቸው፤ የአውራጃው ባንድ መሪ ስለነበሩ። አውራጃው ግን ዛሬ የለም። ከፈረሰ ቆይቷል። ከሱ ሦስት አስተዳደር ወጣ፤ የላይኛው፣ የታችኛው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ደግሞ የማዶው። ማኅተሙ ተቀየረ፣ የቢሮው ሰሌዳ ተቀየረ፣ ካርታው ተቀየረ። ሰዉን ግን ማን ይቀይረዋል! ከየት ነህ ሲባል ዛሬም "ካውራጃው" ነው መልሱ። ዳቦ ቤቱ አሁንም "የአውራጃው ዳቦ ቤት" ነው። እዚህ የተወለደ ሰው "እንግዲህ ልሂድ" ብሎ ከተነሳ በኋላ በር ላይ ቆሞ አንድ ሌላ ወሬ ሳይጨርስ አይሄድም። ይህን ጠባይ ሦስቱ አስተዳደሮች አልተካፈሉትም፤ ሦስቱም ጋ ሙሉውን አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ሰው ሳይነጋገር በሦስት ተከፍሎ ተቀምጧል። ላይኞቹ፣ ለቅሶው በነሱ ከተማ ስለሆነ፣ እንደ ባለቤት መሃሉን ይዘዋል። ታችኞቹ መኪና እንዳያመልጣቸው በር በሩን ይዘዋል። ማዶዎቹ ጥግ ላይ ናቸው፣ እንደ ልማዳቸው። የአለቃ ባለቤት እትዬ ከቤተ ዘመዱ ጋር የቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኩሌ እዚያ አልተቀመጠም። አትቀመጥ ያለው የለም፣ ተቀመጥም ያለው የለም። ከወንድሙ ጋር ከተነጋገሩ ዘመን አልፏቸዋል፣ ይህን ደግሞ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ትሪ ያነሳል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ የሻይ ብርጭቆ ይሰበስባል። እጁ ሥራ ከያዘ የት ልቀመጥ ከሚለው ጭንቀት ይገላገላል።

"እግዜር ያጽናህ" ይሉታል ገቢዎቹ። "አሜን" ይላል። ከዚያ አንዳንዱ ትንሽ ቆም ብሎ ያየዋል፤ ምን ሊለው እንደፈለገ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራጃው የፈረሰ ጊዜ የጋራ የነበረው ሁሉ ይከፋፈል ተባለ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መኪናው፣ ቁምሳጥኑ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው እኩሌ ሆነ። ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል! ሦስቱም ወገን አመነው። ያኔ ወጣት ነበር፣ ለሥራው ይሞታል። መጋዘን ለመጋዘን እየዞረ ሲለካና ሲመድብ ከረመ፣ አንድም ሰው ቅር አላለውም። በመጨረሻ የቀረው የባንዱ ዕቃ ነበር።

ባንዱን እንዳለ ለአንዱ ቢሰጥ ሁለቱ ያኮርፋሉ። ስለዚህ ሦስት ክምር አደረገው። ትራምፔቶቹ ለላይኞቹ፣ ከበሮዎቹ ለታችኞቹ፣ ክላርኔቶቹ ለማዶዎቹ። ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ደግሞ አንዲት አንቀጽ ጨመረበት፤ ማንኛውም ንብረት ከደረሰው አስተዳደር ወሰን ውጪ እንዳይወጣ የምትል። ያን ቀን በዚያች አንቀጽ ምንኛ ኮርቶባት ነበር!

አለቃ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሦስቱን ክምር አዩ።

"ስማ እኩሌ" አሉ በኋላ፣ "ታችኞቹ ከበሮውን ለብቻው ምን ያደርጉታል?"

"ይመቱታላ ጋሼ።"

"ከማን ጋር?"

"እሱን እነሱ ይወቁ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምፈጽመው። አዳላህ እንዳልባል እፈልጋለሁ።"

"ማንም አዳላህ አይልህም።" አለቃ ወደ ክላርኔቶቹ ሄደው አንዱን አነሱ፣ አገላብጠው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። "ዳቦ መሰለህ?" አሉና ወጡ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስድብ የለው፣ ጩኸት የለው። ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። ሁለቱ ቃላት ግን እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰኩበት። ከዚያ ወዲያ ወንድሙ ቤት አልሄደም።

በማግስቱ ለቅሶ ደራሹ በዝቶ፣ ቡናው በየሲኒው ሲዞር ሰዉ ትንሽ ፈታ አለ። መቼም ሰው ለቅሶ ቤት ሆኖም መቀላለዱ አይቀርም። ነገር የጀመረው ፀጉር ቆራጩ ነው። ከላይኞቹ ነው፤ እንጀራው መቀስ ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ አለቃ ሥር ትራምፔት ሲነፋ የኖረ ሰው ነው።

"እኔ የምለው" አለ ወደ በሩ ዞሮ፣ "እናንተ ሰዎች ያን ከበሯችሁን መቼ ነው የምታስጠግኑት?"

"ደግሞ ምን ሆነ?" አለ ከበሩ አጠገብ ያለው ጎሚስታ። በታችኞቹ ከተማ ጎማ ይለጥፋል፣ ከበሮም ይመታል፤ ክንዱን ላየው ሁለቱም ያስታውቃሉ።

"መሃል ላይ ይቆማላ! ባለፈው ለኳሱ ጊዜ እናንተ ጋ መጥቼ ስትመቱ ሰማኋችሁ። ጥሩ ይመጣ ይመጣና ቀጥ! ነዳጁ ያለቀበት መኪና። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ይነሳል።"

ላይኞቹ አፋቸውን እየሸፈኑ ሳቁ። ጎሚስታው ሲኒውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"አንተ ስለ ዜማችን ምን ታውቃለህ? ያስተማሩን እንደሱ ነው! ከራሳችን አላመጣነውም። አለቃ ራሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየጊዜው ባውቶቡስ እየመጡ እኔ ጎማ ቤት ውስጥ ነው ያስጠኑን። 'እዚህ ጋ ቁሙ' ይሉናል። 'ለምን?' ስንላቸው፣ 'ዝም በሉ፣ እዚህ ጋ ሌላ ሰው እያወራ ነው' ይላሉ። ማነው የሚያወራው? እዚያ ጎማ ቤት ከኛ ሌላ ማንም የለም! እኛም አርጅተዋል ብለን ተውነው፣ እንዳሉን መታነው።"

የፀጉር ቆራጩ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"ምን ነበር ያሉት?"

"ሌላ ሰው እያወራ ነው።"

"እኛንም እንደሱ ነው የሚሉን" አለ ቀስ ብሎ። "ቃል በቃል።"

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። እኩሌ የሲኒ ትሪ እንደያዘ መሃል ላይ ቆሟል። አንድ ነገር ገብቶታል፤ እንዳልገባው ሆኖ ማለፍም አልቻለም።

"እስቲ አዚማት" አለው ፀጉር ቆራጩን።

"እንዴ! እዚህ? አስከሬኑ በወጣ በስንተኛው ቀን?"

"ለራሳቸው ነው። ቀስ ብለህ በአፍህ።"

ፀጉር ቆራጩ ግራ ቀኙን አየና አንገቱን ደፍቶ በአፍንጫው ማዜም ጀመረ። ላይኞቹ በየኳሱ ሜዳ የሚያፏጩት፣ "የኛ" የሚሉት ዜማ ነው። መሃል ላይ ደረሰና ቆመ።

"አንተ ደግሞ" አለ እኩሌ ወደ ጎሚስታው ዞሮ፣ "አሁን ቀጥል።"

ጎሚስታው በአፉ ድም ድም እያለ ገባ። ገጠመ! ይኸኛው ሲተው ያኛው ይቀበላል፤ ያኛው ሲበረታ ይኸኛው ዝቅ ይላል። ሁለት ሰፈር ለየብቻው "የኔ፣ የኔ" ሲልበት የኖረው ነገር የአንድ ቤት ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ የታችኞቹ ሽማግሌ "ወይ ጉዴ" እያሉ ራሳቸውን ይዘው ተነሱ፣ የት እንደሚሄዱ ጠፋቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ ቆሙ።

ሰው ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

"እዚህ ጋስ?" አለ እኩሌ።

"እዚህ ጋ እኔም ዝም ነኝ" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"እኔም" አለ ጎሚስታው።

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ጥጉ፣ ወደ ማዶዎቹ ዞሩ። ማዶዎቹ ተያዩ። "እኛ ምንም አልተማርንም" አለች አንዲት ሴት፣ ጥፋተኛ የተባለች ይመስል።

እኩሌ ትሪውን ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረ፤ ያጠበውን ያጥባል። ትንሽ ቆይተው እትዬ ከኋላው ገቡና በሩን ገፋ አደረጉት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ "እግዜር ያጽናዎት"፣ "አሜን" ከመባባል ያለፈ አልተነጋገሩም።

"እዚያ ጋ ክላርኔት ነው" አሉ።

"ገብቶኛል እትዬ። ለማዶዎቹ ለምን አላስተማሯቸውም?"

"በምን ዕቃ? የማዶው ክላርኔት ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ተቆልፎበታል። የባህል ማዕከል ሲሠራ ይወጣል ነበር ያሉት፤ ማዕከሉ ይኸው ዛሬም የለም። ወንድምህ ደጅ ጠናቸው። አዋሱኝ አለ፣ ከወሰናችን አይወጣም አሉት። የማን አንቀጽ እንደሆነ እኔ አልነግርህም።"

እኩሌ የታጠበ ሲኒ መልሶ ውሃው ውስጥ ነከረ።

"ኋላ ግን ተወው። 'ግድ የለም፣ የክላርኔቱ ሰው አለ' ይል ነበር።"

"ማን?"

"አሁን ይኼ ይጠየቃል?" አሉ እትዬ፣ ቁጣም እንባም ባንድ ላይ መጣባቸው። "እዚህ ቤት ክላርኔት ሲነፋ ያደገ ስንት ሰው ነው ያለው?"

እኩሌ እጁን ከውሃው ውስጥ ማውጣት አቃተው። ልጅ ነበር፣ ጣቶቹ የክላርኔቱን የታች ቀዳዳዎች አይደርሱም። ወንድሙ ከኋላው ተቀምጠው ላይኛውን ለሱ ትተው ታችኛውን በራሳቸው ጣት ይደፍኑለት ነበር። አንድ ክላርኔት ለሁለት። እሱ ይነፋል፣ እሳቸው ጆሮው ሥር "አትቸኩል፣ አትቸኩል" ይላሉ። ባንዱ ውስጥም ገብቶ ጥቂት ጊዜ አብሯቸው ነፋ። የንብረት ክፍሉ ሥራ ሲገኝ ግን፣ ሥራ ይሻላል ብሎ ተወው። አለቃ ያን ጊዜም አልተቆጡም። "ከንፈርህ እንዳይደርቅ፣ አልፎ አልፎ ንፋ" ብቻ ነው ያሉት። አንድም ቀን አልነፋም።

"ስንት ጊዜ ሰው ላከብህ!" አሉ እትዬ። "'ይምጣ፣ የምነግረው አለኝ' እያለ።"

"ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።"

"ይቆጣህ ነበር እንጂ! ቢቆጣህስ? ይቆጣህና ያልቅ ነበር። ሻይ ጠጥተህ፣ ክላርኔትህን ተምረህ ትሄድ ነበር።"

ይህን ሲሰማ ያስለቀሰው ሌላ ትዝታ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ሄዶ ነበር። ወንድሙን አየ። ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ የታችኞቹን አውቶቡስ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወዳንዱ እያዛወሩ ነው የቆሙት። እኩሌ ከአንድ ኪዮስክ ጀርባ ሄዶ ተደበቀ። ሽማግሌ ሰው፣ እንደ ሌባ! አውቶቡሱ እስኪወጣ እዚያው ቆሞ የብስኩት ካርቶን ሲያነብ ቆየ። የት እንደሚሄዱ፣ ምን ሊሠሩ እንደሚሄዱ ማንንም አልጠየቀም። እሱ በአንድ ጧት ያከፋፈለውን፣ ወንድሙ በዚያ እግራቸው ዘመናቸውን ሙሉ ሊሰበስቡት ሲመላለሱ እንደነበር ዛሬ ገባው።

"እትዬ፣ የክላርኔቱን ዜማ ታዲያ... እርስዎ አይችሉትም?"

"እኔ ደግሞ! ስዘፍን ወንድምህ ለሳቅ ከቤት ነበር የሚወጣው።"

"ሌላ ያስተማሩት ሰውስ?"

"ማንንም። ለምኖታል ፀጉር ቆራጩ። 'የሰው ድርሻ ነው' ብሎ እምቢ አለው።" እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሌላ ምኞት አልነበረውም። ሦስቱን ባንድ ቦታ አንድ ቀን ሳልሰማ እንዳልሞት ነበር የሚለው። ይኸው። እሑድ ድንኳኑ ይነሳል፣ እነዚያም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከዚያ ወዲያ ባንድ ጣራ ሥር የሚሰበስባቸው የለም።"

"እሑድ ባንዱን እሰበስበዋለሁ" አለ እኩሌ።

"ዕቃውን ማን ሰጥቶህ?"

ኮቱን ለብሶ ወጣ።

እውነትም ማን ይሰጠዋል! የላይኛው አስተዳደር የባህል ክፍል ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ስለ አለቃ መልካም መልካሙን ተናገረ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ከዚያ "ጋሼ፣ አንቀጹን ከኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል" ብሎ አሰናበተው። የታችኞቹም በስልክ ያንኑ አሉ። እኩሌ ተስፋ ቆርጦ ፀጉር ቆራጩ ሱቅ ገብቶ ተቀመጠ።

"እንዴት ነው ፈቃድ የሚጠይቁት?" አለ ፀጉር ቆራጩ፣ የደንበኛውን አንገት እየላጨ። "እኔ ትራምፔቶቹን ለጥገና አወጣኋቸው ብያለሁ።"

"የት ነው የሚጠገኑት?"

"ድንኳን ውስጥ።"

ጎሚስታው ጋ ሲደወል እሱ የባሰ ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ከበሮዎቹን መኪና ላይ ጭኗቸዋል። ያ ሁሉ ዘመን አንቀጹን አክብሮ የኖረው እኩሌ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማዶው ግን ከበደ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት። በትህትና ይዛው ገባች። ክላርኔቶቹ ከነሣጥናቸው መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ እሱ ራሱ የለጠፈባቸው ቁጥር ሳይቀር አለ። የመጀመሪያውን ከፈተች። የብረቱ ቁልፎች ጠቁረዋል። ሁለተኛው ውስጥ አይጥ ገብቶበታል። ሌላው ተሰንጥቋል። አንዱ ብቻ እንደ ነገሩ ደህና ነው።

እንዳያደላ ብሎ የሰጣቸውን ነገር መደርደሪያ በልቶታል።

"ጋሼ" አለች ልጅቷ፣ ፊቱን አይታ ደንግጣ፣ "ላውጣው ብል እኔ ነኝ የምጠየቅበት። ንብረቱ ከወሰናችን እንዳይወጣ ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ ልጄ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ሣጥኑን ዘጋች። እንደገና ከፈተችው። አሰበች።

"እኔ ግን ለቅሶ መድረስ እችላለሁ አይደል?" አለች። "ለቅሶ መድረስን የሚከለክል አንቀጽ የለም።"

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሣጥኑን አቅፋ መጣች። "ንብረቱ ከእጄ አልወጣም" አለች ለሁሉም፣ ማንም ሳይጠይቃት። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ከበሮዎቹ በሩ ላይ መቀመጥ ስላልቻሉ ወደ መሃል ገብተዋል፣ ትራምፔት ነፊዎቹ ቦታ ሲያጡ ጥጉን ይዘዋል፣ ማዶዎቹ የቆሙበት ጠፍቷል። ማን ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ብዙዎቹ ጧት "እንግዲህ እንሂድ" ብለው የተነሱ ናቸው።

"አንተ" አሉ እትዬ፣ ከቤተ ዘመዱ መካከል። "ትሪውን አስቀምጥና እዚህ ና።" አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መቱለት። እኩሌ ሄዶ ተቀመጠ። ልጅቷ ክላርኔቱን አውጥታ አቀበለችው። ጣቶቹ በየቀዳዳው ላይ ዐረፉ፤ አሁን ሁሉንም ይደርሳሉ።

ጀመሩ። ጥሩ ተጫወቱ ማለት አይቻልም። አንደኛው ትራምፔት ይሰነጣጥቃል፣ የትልቁ ከበሮ ቆዳ ረግቧል፣ ባንድ ላይ ተለማምደው አያውቁምና ይገፋፋሉ። ቢሆንም ገጠመ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆሙ። ተጠርቶ የማያልቅ የመንደር ስም ሁሉ ባንድ አፍ ሲጠራ የሰሙ መሰላቸው። እኩሌ ግን አላለቀሰም፤ ፍርሃት ይዞታል። ያ ቦታ እየመጣ ነው።

መጣ። ከበሮው ቆመ፣ ትራምፔቶቹ ቆሙ፣ የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ዐረፈ። ክላርኔቱን አፉ ውስጥ አስገብቶ ነፋ። አንድ ሻካራ ድምፅ ወጣ። ሌላ ሞከረ። ምናልባት ጣቴ ያውቀው ይሆናል ብሎ ነበር፣ ምናልባት ወንድሜ በልጅነቴ ካስተማሩኝ አንዱን አስገብተውልኝ ይሆናል ብሎ ነበር። አይደለም። ይህ አዲስ ነው፤ ሊማረው ተጠርቶ ያልሄደበት ነው። የሚነፋው ሁሉ የሌላ ሰው ወሬ መሃል መግባት ሆነበት። አቆመ።

ጎሚስታው ጠበቀ፣ ከዚያ ሳይወድ ከበሮውን አስነሳ። ዜማው ዞሮ እንደገና ወደዚያው ቦታ ያመራል። እኩሌ አንገቱን ደፋ።

"የለም እትዬ" አለ። "ጠፍቷል። ይዘውት ሄደዋል።"

እትዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ዜማውን እኔም አላውቀውም" አሉት። "አመታቱን ግን አውቀዋለሁ። ማታ ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ይመጣና በጣቱ ትከሻዬ ላይ ይመታው ነበር። 'ይኼ የእኩሌ ነው' እያለ።"

ትራምፔቱ ዝቅ አለ። ከበሮው ቆመ። ድንኳኑ ጭጭ አለ፤ ውጪ የሚያልፍ ሰው እግር ይሰማል።

እኩሌ ክላርኔቱን ጭኑ ላይ አስተኛውና መዳፉን ገልብጦ ዘረጋላቸው። እትዬ በሁለት ጣታቸው እዚያ ላይ ይመቱ ጀመር፣ ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴ ተወት እያደረጉ፣ ደግሞ ፈጠን እያሉ። ከበሮው ተመልሶ እስኪገባ ድረስ እጁን አላጠፈም።